ዕዳ ጠያቂዋ እትዬ ዴሚቱ

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሮቤል ስልክ አይደውልም። ሰላምታውንም፣ ወሬውንም፣ የበዓል ምኞቱንም በቴሌግራም ነው የሚልከው። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለውን የመሥሪያ ቤቴን ደረጃ ስወጣ ስልኬ ላይ ስሙን ሳየው፣ ገና ሳላነሳው አንድ ነገር እንደተፈጠረ ገባኝ።

«እትዬ ዴሚቱ አረፉ» አለኝ።

  ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሰዎች በጎኔ እያለፉ ወደየሥራቸው ወጡ።

ቀብራቸው በማግስቱ ነበር። ሲኤምሲ ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቁ ይዘምራሉ፤ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲበረታ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ታናሽ ወንድማቸው የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ስለ ሥራቸው የተጻፈው «በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል» የሚል ብቻ ነበር። ሮቤል ዞር ብሎ አየኝ። ወንድምዬው አልተሳሳተም፤ ግን እትዬ ዴሚቱን ያላወቀ ሰው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ምን ያገኛል? እዚያ ድንኳን ውስጥ ተነስቼ ልናገር የፈለግሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ከዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ከተማውን ስዞር ከቆየሁ በኋላ፣ ጉርድ ሾላ የኪራይ ፎቅ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው የቤተሰብ ዕዳ ማጥናት ነበር። መንግሥት በየትኛው ክልል፣ በየትኛው ከተማና ሰፈር ያለ ቤተሰብ ምን ያህል እንደተበደረ፣ ከማንና ለምን እንደተበደረ ማወቅ ይፈልጋል። ባንኮች ያበደሩትን ራሳቸው ያሳውቃሉ። ሰው ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሱቅ፣ ከአራጣ አበዳሪ የወሰደውን ግን ቤቱ ድረስ ሄደው ካልጠየቁት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በየአካባቢው ጥቂት ቤቶች በዕጣ ይመረጣሉ፤ እኛ ታብሌታችንን ይዘን እናንኳኳለን። ከየቦታው የተሰበሰበው መልስ ሲጠቃለል የአገር ካርታ ይሆናል፤ ዕዳ የቀለለበት አካባቢ ቀለሙ ይፈዛል፣ የከበደበት ይጠቁራል። የእኛ ቡድን የያዘው ምሥራቁን የከተማ ክፍል ነበር፤ ከቦሌ ጀምሮ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ ከአያት ወዲያ እስካሉት ኮንዶሚኒየሞች። የቡድኑ ኃላፊ እትዬ ዴሚቱ ነበሩ።

አጠር ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ አይሰማም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል፤ ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው የሚያለቅሱ ይመስለዋል። ያደጉት ወለጋ ነው። አዲስ አበባ የመጡት ለትምህርት ሲሆን፣ ስታቲስቲክስ ተምረው በዚያው ሥራ ላይ አረጁ። እኛን «ኢጆሌ» ይሉናል፤ በኦሮምኛ ልጆች ማለት ነው። ሮቤል የቦሌ ልጅ ነው፤ በየመሃሉ እንግሊዝኛ ጣል ካላደረገ አማርኛው አይወጣለትም። እሱ እንኳ ቀስ በቀስ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ሰላም ኢጆሌ» ማለት ጀመረ። ከእትዬ ዴሚቱ ትልቅ ቦርሳ ቆሎ አይጠፋም። በመስክ ቀን ምሳ ሰዓት ካለፈብን፣ የትም እንሁን የት፣ አንዱ አጥር ጥግ ያቆሙንና በየእጃችን ይዘግኑልናል።

የሥልጠናችንን የመጀመሪያ ቀን ሮቤልም እኔም እስከ ዛሬ እናነሳዋለን። መጠይቁን እያነበቡ የሚያስረዱን መስሎን ደብተራችንን ዘርግተን ስንጠብቅ፣ ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡንና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ አሉን። ስንት ብር ተበድረሃል? ከማን? ለምን? መቼ ትከፍላለህ? በዚያው ቀን የተዋወቅን ሰዎች ነን። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እኔ ያን ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ያደረግሁትን ጫማ የገዛሁት አክስቴ ባበደረችኝ ገንዘብ ነው። ሮቤል ሲጠይቀኝ ምንም ዕዳ የለብኝም አልኩት። እሱም የለብኝም አለኝ። እትዬ ዴሚቱ በወንበሮቹ መሃል ሲመላለሱ ቆይተው ወደ ፊት ወጡ።

«ኢጆሌ፣ ዛሬ ሁላችሁም ዋሽታችኋል» አሉ። «ጥሩ ነው። ነገ ሰው ሲዋሻችሁ አትቆጡትም።»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩን ብዙው ነገር ስለ ቁጥር አልነበረም። በር ስታንኳኩ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ ቁሙ ይሉን ነበር፤ በሩ ሲከፈት ዓይናችሁ ከእናንተ ቀድሞ እንዳይገባ። መቀመጫ ሲሰጣችሁ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ሰው የዕዳውን ልክ ሲነግራችሁ ቢበዛባችሁም «ይሄን ያህል?» አትበሉ፤ ቢያንስባችሁም «ይሄማ ምን አላት» አትበሉ፤ ለእናንተ ያነሰው እሱን እንቅልፍ ነስቶት ይሆናል። እነዚህን ሲነግሩን የሚመክሩ አይመስሉም፤ መንገድ እንደሚያመላክት ሰው እየሄዱ ነው የሚናገሩት።

አንድ ቀን ሮቤል ቦሌ አንድ ትልቅ ግቢ ጠይቆ ሲመለስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። ባለቤትየው እኔ ከማንም ተበድሬ አላውቅም እያለ ሲምል ምን እንደተፈጠረ ሊነግረን አፉን ከፈተ።

«ስትወጣ በሩን ዘግተኸዋል?» አሉት እትዬ ዴሚቱ።

«አዎ» አለ፣ ነገሩ ሳይገባው።

«ታዲያ እዚህ መጥተህ ለምን ትከፍተዋለህ?»

ክፉ ቃል አልነበረበትም፤ ሮቤል ግን እስከ ጆሮው ቀላ። ያ ሰውዬ ምን እንደተፈጠረበት እስከ ዛሬ አልነገረንም።

የመጀመሪያው ዙር ጥናት ሲያልቅ ካርታው ተሠርቶ መጣ። ኃላፊያችን አቶ ሳምሶን ግድግዳው ላይ አሰቀሉት። አቶ ሳምሶን ሥራ የሚወዱ፣ ለእኛም የሚቆረቆሩ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቀን ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል። በካርታው ላይ ቦሌና ሲኤምሲ ጠቁረዋል፤ ወደ ዳር በወጣን ቁጥር ቀለሙ እየፈዘዘ፣ ከአያት ወዲያ ነጭ ለመሆን ትንሽ ቀርቶታል። ትርጉሙ ግልጽ ይመስል ነበር፦ ሀብታሙ ይበደራል፣ ድሃው እንዳቅሙ ይኖራል። ለስብሰባው የመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዴሚቱ ወደ ካርታው ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ሳምሶን፣ ይሄ የባንክ ካርታ ነው» አሉ። «ባንክ ያለበትን እንጂ ዕዳ ያለበትን አላሳየንም።»

አቶ ሳምሶን እንዲያብራሩላቸው ጠየቁ። እትዬ ዴሚቱ ከማብራራት ይልቅ በማግስቱ አብረን እንውጣ አሉ። አቶ ሳምሶንን፣ እኔንና ሮቤልን ይዘው በባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ወሰዱን። ከዚያ በእግር ሄደን ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ያለ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ለስላሳ ይዘን ተቀመጥን። ማንንም አልጠየቅንም። ሴቶች እየመጡ ዘይት፣ ሳሙና፣ ምስር ይወስዳሉ፤ ባለ ሱቁ ራሱን ይነቀንቃል፤ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብዙም አላየንም። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ቤት እኛ ሄደን ብድር አለብዎት ብንላት፣ የለብኝም ትለናለች፤ ከልቧም ነው። ብድር ማለት ለእሷ ፎርም ተሞልቶ፣ ዋስ ተጠርቶ ከባንክ የሚወጣ ነው። ዱቤን ማንም ብድር ብሎት አያውቅም። እቁብ ቀድማ በልታ ገና እየጣለች ያለች ሴትም ራሷን ባለዕዳ ብላ አትጠራም።

 በሳምንቱ አቶ ሳምሶን መጠይቁ እንደገና እንዲጻፍ አደረጉ፤ ለሌሎቹ ከተሞችና ክልሎችም አዲሱ እንዲላክ ተከራከሩ። ከዚያ ወዲህ ብድር አለብዎት ብለን መጀመር ቀረ። ዋጋውን ሳይከፍሉ የወሰዱት እህል ወይም ዘይት አለ? የደረሰዎት እቁብ ገና አልተጠናቀቀም? ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት ብለው ከዘመድ የወሰዱት አለ? ቀጣዩ ካርታ ሲመጣ ምሥራቁ ሁሉ ጠቁሮ ነበር፤ የጠቆረበት ምክንያት ግን በየሰፈሩ ይለያያል። በቦሌና በሲኤምሲ ዕዳው የቤትና የመኪና ነው፤ ከባንክ ነው፤ ወረቀት አለው። ከአያት ወዲያ የምግብ፣ የሕመምና የትምህርት ቤት ነው፤ ወረቀት የለውም። እትዬ ዴሚቱ በዚያ ቀን ትከሻቸው አልተነቃነቀም። እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። ትክክል መሆናቸው ያስደስታቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

በዚያው ዙር ነው ከአያት ወዲያ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም አንዲት ሴት የጠየቅነው። ስሟን አልጠራም፤ አልማዝ ልበላት። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ እትዬ ዴሚቱ ሥራዬን ለማየት አብረውኝ ገብተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አልማዝ ልጆቿን ደረጃው ላይ ሄዳችሁ ተጫወቱ ብላ አስወጣቻቸው። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ ወድቆ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል። ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ ትንፋሹ ይሰማናል። ለእሱ ሕክምና እቁቧን አስቀድማ ወስዳለች፤ አሁን የምትጥለው ከየት እንደምታመጣ አታውቅም። የሱቅ ዱቤ አለባት። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለባት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በወለድ ከሚያበድር አንድ ሰው የወሰደችውን ነገረችኝ። ይህንን የመጨረሻውን ባሏም፣ እናቷም፣ ጎረቤቶቿም አያውቁም። ሁሉንም ከተናገረች በኋላ የተነፈሰች መሰለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠች።

«ይሄ የትም አይሄድም አይደል?» አለች።

ስትጠይቅ ያየችው እኔን አይደለም፤ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ትልቅ ሴት ነው።

«የትም አይሄድም ልጄ» አሏት እትዬ ዴሚቱ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን አቶ ሳምሶን ሁላችንንም ሰበሰቡን። አጠገባቸው ከአንድ የአስተዳደር መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ተቀምጧል። ይዞ የመጣው ጉዳይ መልካም ነበር። ዕዳ ለከበዳቸው ቤተሰቦች የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ ተገኝቷል፤ ለየትኛው ሰፈር እንደሚሰጥ ከካርታችን ተነስተው ወስነዋል፤ የቀረው ለየትኛው ቤት የሚለው ነው። እናንተ ጠይቃችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን ስጡን፣ እኛ ደግሞ በቀጥታ እንድረስላቸው አለ። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ችግረኛን ፈልጎ ማግኘት ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው።

በእኛ መሥሪያ ቤት የሰው ስምና የሰው መልስ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱን የሚያገናኘው የይለፍ ቃል ለምሥራቁ ቡድን በእትዬ ዴሚቱ እጅ ነበር። ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን። አልችልም አሉ። ሕጉም አይፈቅድም፣ ቃልም ገብተናል አሉ። አቶ ሳምሶን ተጨነቁ፤ ለበጎ ነገር ነው እኮ እትዬ አሉ። ከዚያ የእኛን ሐሳብ ጠየቁ። እኔ የአልማዝ ቤት፣ መጋረጃው፣ ያ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ስለነበር ይሰጥ አልኩ። ሮቤልም ይሰጥ አለ። እትዬ ዴሚቱ አልተቆጡንም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደተቀመጡ ለእንግዳው ተናገሩ።

«የነገሩን ለእኛ ነው፤ ለእናንተ አይደለም። ዛሬ ለእርዳታ ብለን ብንከፍተው ነገ ለግብር ክፈቱ ይሉናል፣ ከነገ ወዲያ ለባንክ። ያን ጊዜ እምቢ የምልበት አፍ አይኖረኝም።»

ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። ከበላይ ስልክ ተደወለ፤ እትዬ ዴሚቱ በጽሑፍ ይዘዙኝ አሉ። በጽሑፍ የሚያዝ አልተገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ለሥራው ቅልጥፍና ተብሎ ከመስክ ተነስተው ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጡ ተደረገ። ሌላ ሰው ተተካ። ዜናውን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ከታች የጉርድ ሾላን ትርምስ ሲመለከቱ ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው የሠሩት ሥራ ነበር። ከዚያ ዞር ብለው ስንት የዓመት ፈቃድ እንደቀራቸው አጣርቼ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ብዙ ያልተነካ ፈቃድ ነበራቸው።

ፈቃዳቸውን ለምን እንደፈለጉት ያወቅሁት በኋላ ነው። ድጋፉ እንደሚሰጥ የተወሰነበትን ሰፈር ያውቃሉ። የተጠየቁት ቤቶች ዘንድ መሄድ ግን አይችሉም፤ በጥናት ያገኙትን አድራሻ ለሌላ ጉዳይ መጠቀም ይሆናል። ስለዚህ ለሁሉም ለመንገር ወሰኑ። መጀመሪያ ያንን እንግዳ ሰው ቢሮው ሄደው አገኙት፤ ስም ከሚፈልግ ይልቅ ምዝገባ እንዲከፍት፣ ሰው ማሳወቁን ለእሳቸው እንዲተውላቸው ለመኑት። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ጉልበታቸው እያመማቸው ከሕንፃ ሕንፃ ዞሩ። ከቄሱም፣ ከፓስተሩም፣ ከመስጊዱ ኢማምም ጋር ተነጋገሩ። ባለ ሱቆቹን አስቀመጡና አስረዱ። አንድ እሑድ የሰፈሩ እድር ሲሰበሰብ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

የእድሩ ዳኛ አንዲት እናት መልእክት አላቸው ብሎ አስተዋወቃቸው። እትዬ ዴሚቱ ከመሥሪያ ቤት እንደመጡም፣ ምን እንደነበሩም አልተናገሩም። ሲኤምሲ ያለውን ቤት ለመጨረስ ከባንክ እንደተበደሩ፣ የባንኩ ዕዳ ሳያልቅ ባለቤታቸው እንደሞቱ፣ ከእህታቸው ተበድረው የባንኩን እየከፈሉ፣ እህታቸው ሰርግ ስትደግስ ደግሞ ከሌላ ተበድረው የእህታቸውን እንደከፈሉ አወሩ። አብሬያቸው ያን ያህል ዘመን ስሠራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ በየመቀመጫው ጉርምርምታ ተጀመረ።

«ዕዳ ያለበት እጁን ያውጣ አልልም» አሉ። «እኔን ያየ እጁን እንዳወጣ ይቆጠርለታል።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ የምዝገባውን ቦታና ጊዜ ነገሯቸው፤ የጎደለበት ሁሉ መመዝገብ እንደሚችል፣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት። አንዲት ሴት ተነስታ የዱቤ ዕዳም ይቆጠራል ወይ ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ተከተለች። አልማዝን ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ስብሰባው ሳያልቅ ወጣች።

ምዝገባው በተከፈተበት ሳምንት ሰበብ እየፈለግሁ በዚያ በኩል ሳልፍ ሰነበትኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሰዎች እየተሳሳቁ ቆመዋል፤ በእድሩ ቀን ያየኋቸውን ፊቶች ለየሁ። አልማዝ ግን የለችም። የመጨረሻው ቀን አልፎ ምዝገባው ሲዘጋም አልመጣችም። ጉርድ ሾላ መንገዱ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይዘን ታክሲ ስንጠብቅ ለእትዬ ዴሚቱ ነገርኳቸው።

«ስሟን ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ታገኝ ነበር» አልኩ።

በቆሏቸውን መብላት አቆሙ።

«አዎ፣ ታገኝ ነበር» አሉኝ። «እኔም እሱን ሳስብ ነው የማድረው።»

ማጽናኛ እንዲሰጡኝ ወይም እንዲከራከሩኝ ጠብቄ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ታክሲው መጣ፤ ገባን፤ እሳቸው ሲኤምሲ ወረዱ። ድጋፉ ለተመዘገቡት በእርግጥ ደረሳቸው፤ ብዙ ቤት ተነፈሰ። እትዬ ዴሚቱ ማመስገን የሚገባቸውን ያንን የአስተዳደር ሰው ሄደው አመሰገኑት። ትክክል ነበሩ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አሁንም አንዳንድ ቀን እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በቀጣዩ ዙር ጥናት፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ያ ሰፈር እኛን አስገብቶ አስቀመጠን። ሌላ ቦታ ሰዎች በር እየዘጉብን ነበር።

ጡረታ እስኪወጡ ቢሮ ውስጥ አዳዲስ ሠራተኞችን ሲያሠለጥኑ ቆዩ፤ አሁንም ሁለት ሁለት አድርገው ያስቀምጧቸው ነበር። ጡረታውም አልተመቻቸውም፤ ጉልበታቸው ከቤት አላስወጣ አላቸው። እኔ ሥራ ቀይሬ ቦሌ ብገባም አልፎ አልፎ ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ በመኪና አወጣቸው ነበር። መዝናኛ ቦታ አይመርጡም። እስቲ በሰፈሮቻችን አዙሪኝ ይላሉ። በመስኮቱ እያዩ ስለ ዕዳ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ይቺ አጥር ድሮ ቆርቆሮ ነበረች ይሉኛል። እዚህ ቤት ውሾቹ አያስጠጉም ነበር፣ ባለቤትየዋ ግን እስከ በር ድረስ ትሸኝ ነበር። እዚያኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ከተጠየቁ በኋላ በተራቸው እኔን ዕዳ አለብሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ አለብኝ ስላቸው እግዚአብሔር ያቅልልሽ አሉኝ። ሲያወሩ ድምፃቸው የሚወደውን ዘመድ አገር እንደሚያስጎበኝ ሰው ይለሰልስ ነበር።

ከእነዚያ ቅዳሜዎች በመጨረሻው፣ ከመሞታቸው በፊት በነበረው በጋ፣ ከአያት ወዲያ ሄድን። ስንመለስ ለቤት ዳቦ መግዛት ፈለጉና አንድ ሱቅ ደጃፍ አቆምኩ። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ዕቃው በሥርዓት የተደረደረ ሱቅ ነው። ክንዳቸውን ይዤ ገባን። ውስጥ የሰፈር ሰዎች ቆመው ያወራሉ። ከባንኮኒው ወዲያ የቆመችው አልማዝ ነበረች።

ያወቅኋት ወዲያው ነው። ወፍራ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ግን እሷው ናት። ያን ሁሉ ዕዳ እንዴት እንደተወጣችው አላውቅም። እሷም አወቀችን። ዓይኗ ከእኔ ወደ እትዬ ዴሚቱ ሄደና እዚያው ቀረ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም ልላት፣ ስሟን ልጠራ ስል የእትዬ ዴሚቱ እጅ ክንዴን ጠበቅ አደረገው። እሳቸው ለቆሙት ሁሉ ሰላምታ ሰጥተው ዳቦ እንድትሰጣቸው ጠየቋት፤ ማንኛውም ገዢ ማንኛዋንም ባለ ሱቅ እንደሚጠይቅ።

አልማዝ ዳቦውን ጠቅልላ ከመስጠቷ በፊት ቆየች።

«እማማ፣ አላወቁኝም?» አለች።

የሚያወሩት ሰዎች ዝም ብለው ወደ እኛ ዞሩ። እትዬ ዴሚቱ ፊቷን ትክ ብለው አዩ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሽምግልና ነው» አሏት። «አላስታውስሽም።»

በመጀመሪያ የአልማዝ ፊት ጥቁር አለ፤ የተረሳ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ በዙሪያዋ የቆሙትን ጎረቤቶቿን አየች፤ እንደገና እትዬ ዴሚቱን አየች። ቀስ እያለ ፊቷ ተፈታ። ዳቦውን ስትሰጣቸው እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

«ከሰው ጋር አመሳስዬዎት ነው» አለች። «ደጋግመው ይምጡ።»

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን ሳስርላቸው ራሴን መቆጣጠር አልቻልኩም። እውነት ረስተዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እትዬ ዴሚቱ ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ወደ ሱቁ አሻግረው አዩ። ከአልማዝ ኋላ አንድ ሰው ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ከመደርደሪያው ላይ ዕቃ ያወርዳል።

«ባሏ ቆሞ እየሄደ ነው» አሉኝ። «አየሽው?»